ጥድ ስናነድ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው የማታ ብርድ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እንጨት አይመረጥም፤ የተገኘው ይነዳል። የኛ ጓሮ በሐበሻ ጥድ የታጠረ ስለነበር ቋሚው ሲወድቅ ተፈልጦ ምድጃ ይገባል። ሽታው ደስ ይላል፤ እሳትም ቶሎ ይይዛል። ግን ጥድን እንደ ወይራ ማንደድ አይቻልም።

አንዱ ስህተት በጥድ ብቻ ለማደር ማሰብ ነው። ጥድ ቦግ ብሎ ይነዳል፤ ፍሙ ግን አይቆይም። ወጥ ጥደህ ዞር ስትል አመድ ሆኖ ይጠብቅሃል። ጥሩ የሚሆነው ለማቀጣጠያ ነው። ቀጫጭኑን ፍልጥ ከታች አድርግ፤ እሳቱ ሲይዝ ወይራ ወይም ወፍራም ባሕር ዛፍ ጨምርበት። እንደ ቃጫ የሚላጠው ልጡ ደግሞ ከደረቀ በአንድ ክብሪት ይያያዛል።

ሁለተኛው፣ የሚፈናጠረውን ፍም መናቅ። ጥድ ውስጡ ዘይትና ሙጫ አለው። ሙቀት ሲያገኘው በእንጨቱ ውስጥ የታመቀው እርጥበት እንፋሎት ይሆንና ጧ! ብሎ ይፈነዳል። አንድ ማታ እናቴ ምድጃው ዳር ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል ትንሽ ፍም ዘሎ ጋቢዋ እጥፋት ውስጥ ገባ። ማናችንም አላየንም። የተቃጠለ ጥጥ ሲሸተን ቀዳዳው የቡና ስኒ አፍ ያህል ሰፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥድ ሲነድ ሕፃን ምድጃ አጠገብ አይቀመጥም፤ ፍራሽና ሳር በአንድ ሁለት እርምጃ ይርቃሉ፤ ሳይጠፋም አይተኛም። እርጥቡን ቅጠል በብዛት መማገድም አደገኛ ነው። መጀመሪያ ጭሱ ያፍናል፤ ከዚያ ድንገት ነበልባሉ ጣሪያ ይደርሳል።

እርጥብ ጥድ ማንደድ ሌላው ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት የክብደቱ ግማሽ ያህል ውኃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እሳቱ ቤት ከማሞቅ ይልቅ ውኃ ሲያተን ያመሻል። ዓይን ይለበልባል፤ ድስቱ ጥላሸት ይለብሳል፤ ቤቱ ጭስ ማውጫ ካለውም ውስጡ ጥቁር ዝፍት ይጋገራል። እሱ ደግሞ አንድ ቀን ራሱ እሳት ይይዛል። ፈልጠህ፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ፣ ዝናብ በማይነካው ነፋሻ ቦታ ቢያንስ 6 ወር አቆየው። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ይሰነጣጠቃል፤ ሁለቱን ስታጋጫቸው ቀጭን ድምፅ ይሰጣሉ። እርጥቡ ድፍን ድምፅ ነው ያለው።

በርና መስኮት ዘግተህ እንዳታነድ ግን አደራ። የጥድ ጭስ መዓዛው ስለሚጥም ሰው አይፈራውም። ከእሳቱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከጀመረህ ቶሎ ወደ ውጭ ውጣ።

ቀለም ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት የተቀባ አሮጌ ሣንቃና ቋሚም ምድጃ አይግባ። ጭሱ መርዛም ነው።

የመጨረሻውና እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ፣ የቆመ የሐበሻ ጥድ ለማገዶ ብሎ መቁረጥ ነው። ይህ ዛፍ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ከደን ያለ ፈቃድ መቁረጡም በሕግ ያስጠይቃል። ምስጥ ስለማይደፍረው ለቤትና ለአጥር ቋሚ የሚሆን እንጨት ነው። ለምድጃ ቅርንጫፉ፣ ፍላጩና የወደቀው ይበቃል። አያቴ ከተከላቸው የአጥር ቋሚዎች ሁለቱ ዛሬም ጓሯችን ውስጥ ቆመዋል።