ማስክ አላደርግም የሚል ዘመድን እንደየፀባዩ ማግባቢያ

መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ሲባል እኛ ግቢ አንዱ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ፣ ሌላው ደሞ ነጭ ሽንኩርት በልቻለሁ እያለ ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል። ያኔ ነው ለሁሉም እኩል መጮህ ትርፉ ድካም እንደሆነ የገባኝ።

ፀባይ ከማለታችሁ በፊት ግን ኪሱን እዩ። የቀን ሰራተኛን ቤትህ ተቀመጥ ብትሉት እምቢ የሚለው ግትር ሆኖ ሳይሆን ካልወጣ ስለማይበላ ነው፣ ለሱ ምክር ትታችሁ ማስክና ሳሙና ስጡት።

ከሁሉም የሚከብደው ሰው ወዳዱ ነው፣ ጥናቶችም ተጫዋች ሰው ቤት መቀመጥ እንደሚከብደው አሳይተዋል። ጎረቤታችን እትዬ ያለ ቡና ጓደኞቻቸው አንድ ቀን አይውሉም፣ ቡና ይቅር ብንላቸው ተደብቀው ሊጠጡ ነው። እና ረከቦቱን ዘይቱናው ስር አወጣንላቸው፣ ዱካውን አራራቅን፣ ሁሉም ሲኒዋን ከቤቷ ይዛ ትምጣ ተባለ፣ ለኮሮና የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ከልክሎ ስለነበር እሳቸውን ጨምሮ አራት ብቻ። በሳምንቱ እትዬ ራሳቸው ፖሊስ ሆነው "አንቺ ራቅ በይ እንጂ!" ማለት ጀመሩ።

"ማን ነው እኔን የሚያዘኝ" ለሚለው ደሞ ትእዛዝ አይሰራም፣ ሰው ፊት ከሆነማ ጭራሽ እልህ ይገባል። ምርጫ ስጡት፣ የጨርቁን ማስክ ነው የምታደርገው የሐኪሙን? ካልሆነ ስራ ስጡት፣ በር ላይ ያለውን የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን እሱ ይሙላ፣ ኃላፊ ሲሆን መከራከሩን ይረሳዋል።

ራሱን ብቻ የሚወድ ሰው አለ አይደል፣ እሱን ለአሮጊት እናትህ እዘንላት አትበሉት፣ ያኔ ያለ ማስክ ታክሲ አያስገቡም ነበርና እሱን መንገር ይበቃ ነበር።

ጥንቁቁ ሰው መካሪ አያስፈልገውም፣ ስንት ሜትር መራቅ፣ ስንት ሰከንድ መታጠብ የሚለውን በትክክል ከነገራችሁት ያደርገዋል፣ ችግሩ ያላደረገውን ሁሉ መሳደቡ ነው፣ እና ቀስ እንዲል ንገሩት ምክንያቱም የተሰደበ ሰው ማስኩን አውልቆ ነው የሚመልስለት።

መላ ያጣሁለት ሰላምታው ብቻ ነው። መጨባበጥም በአዋጁ ተከልክሎ ነበር ግን አባቴ ክርን ቢሉት እግር ቢሉት አልዋጥ አለው፣ በመጨረሻ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ ለማለት ተስማማ፣ ለቅሶ ቤት እስኪደርስ ድረስ ነው እሱም።