ድምፅ እየተሰማ ምስል ሲጠፋ፦ በብሮውዘር ቪዲዮ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቪዲዮ ባስቸገረ ቁጥር የመጀመሪያው ተከሳሽ ኔትወርክ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ ስለሚገኝ ክሱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ምልክቱን ሳያዩ መፍረድ ግን የመጀመሪያው ስህተት ነው። ድምፁም ምስሉም አብረው ቆመው ክቧ ብቻ የምትሽከረከር ከሆነ በእርግጥ መረጃው አልደረሰም። ድምፁ ሳይቋረጥ እየተሰማ ምስሉ ከጠቆረ፣ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ከተቆራረጠ ግን መረጃው ደርሷል፤ ምስሉን ፈትቶ ስክሪን ላይ ማውጣት ያቃተው ኮምፒውተርዎ ነው። በዚህ ጊዜ ተጨማሪ የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ማረጋገጫው ቅርብ ነው። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮው እየሄደ ሳለ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ይጫኑና «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ይምረጡ። በቪዲዮው ላይ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ይከፈታል። «ባፈር ሄልዝ» ከሚለው ጎን ያለው ሰከንድ ወደ ዜሮ እየወረደ ከሆነ ችግሩ የኔትወርክ ነው። እዚያ በቂ ሰከንድ ተጠራቅሞ ሳለ «ፍሬምስ» በሚለው መስመር ላይ «ድሮፕድ» ከሚለው ቃል ፊት ያለው ቁጥር ያለማቋረጥ የሚጨምር ከሆነ ግን ማሽኑ ምስሎችን እየጣለ ነው።

ምስሉ ሲጠቁር «ሃርድዌር አክስለሬሽን አጥፋው» የሚለው ምክር ትክክል ነው። ስህተቱ አጥፍቶ መርሳቱ ላይ ነው። ክሮም ላይ ሴቲንግስ ውስጥ «ሲስተም» በሚለው ክፍል የሚገኘው ይህ መቀየሪያ ቪዲዮ የመፍታቱን ሥራ ለግራፊክስ ቺፑ ይሰጣል። ሲጠፋ ሸክሙ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፤ ማራገቢያው ይጮሃል፣ ላፕቶፑ ይግላል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ የባትሪ ነገር ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ማጥፋቱን እንደ ምርመራ እንጂ እንደ መድኃኒት አይቁጠሩት። አጥፍተው፣ ብሮውዘሩን ዘግተው ሲከፍቱ ምስሉ ከተመለሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከግራፊክስ ቺፑ ጋር የሚግባባበት ሶፍትዌር ነው። አዲሱን ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ወይም ከኢንቴል፣ ከኤንቪዲያ ወይም ከኤኤምዲ ድረ ገጽ ጫኑና መቀየሪያውን መልሰው ያብሩት። ማሽኑ አርጅቶ አዲስ ድራይቨር የማይወጣለት ከሆነ ብቻ ጠፍቶ ይቅር።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቀጣዩ ነው። «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየርን ያዘምኑ» የሚል ማስታወቂያ ሲመጣ እሺ ማለት። ፍላሽ ድሮ በብሮውዘር ቪዲዮ ለማየት የሚያገለግል ፕሮግራም ነበር። አምራቹ አዶቤ ያቆመው በአውሮፓውያኑ ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ነው፤ ከጥር 12 ቀን 2021 ጀምሮም በፍላሽ የተሠራ ይዘት እንዳይከፈት አግዷል። ዛሬ ፍላሽ አዘምኑ የሚል ገጽ ሁሉ ውሸታም ነው፤ የሚያወርዱትም ቫይረስ ሊሆን ይችላል። እባክዎ ለወላጆችዎም ይንገሩልኝ፤ በዚህ የሚጠመዱት ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው።

«ሂስትሪውን በሙሉ አጥፋ» የሚለውም ፈጥኖ የሚሰጥ ምክር ነው፤ ብሮውዘሩ ውስጥ ያስቀመጧቸውን የይለፍ ቃላትም ሊያጡ ይችላሉ። መጀመሪያ በኢንኮግኒቶ መስኮት ይሞክሩት። ክሮም ላይ ካልፈቀዱላቸው በቀር ኤክስቴንሽኖች (በብሮውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) እዚያ አይሠሩም፤ ቪዲዮው እዚያ ደህና ከሆነ ኤክስቴንሽኖቹን አንድ በአንድ እያጠፉ ጥፋተኛውን ይለዩ። ማጽዳት የግድ ከሆነም የተጠራቀሙ ምስሎችና ፋይሎች የሚለውን ብቻ ይምረጡ።

ጥራቱን እስከ ጣሪያው ከፍ ማድረግም አይጠቅምም። ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ስክሪናቸው 1366 በ768 ነው፤ 720 ፒ ለእነርሱ ይበቃል። በተጨማሪ ዩቲዩብ አንዳንድ ቪዲዮዎችን የሚልከው ኤቪ1 በተባለው አሠራር ነው። ኢንቴል ይህንን በቺፕ መፍታት የጀመረው በ2020 በወጣው 11ኛው ትውልድ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፕሮሰሰሩን ያስጨንቃሉ።

የኮምፒውተሩን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞሉም አሉ። ሰዓቱ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲቀር ብሮውዘሩ የድረ ገጾችን የደኅንነት ማረጋገጫ ገና ያልጸና አድርጎ ስለሚቆጥረው ገጹም ቪዲዮውም አይከፈትም።

በመጨረሻ «ፎርማት ይደረግ» የሚለው አለ። ለአንድ ድራይቨር ሲባል ፎቶውና ሰነዱ ይጠፋል፤ ከፎርማት በኋላም ትክክለኛው ድራይቨር ካልተጫነ ቪዲዮው ከበፊቱ ይብሳል። ላፕቶፑን ከባለሙያው ሲረከቡ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ይክፈቱ። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ብቻ ካዩ የግራፊክስ ድራይቨሩ አልተጫነምና ሳይወጡ እዚያው ያስጭኑት።