ሊትየም የምትወስዱ፣ የጠዋቱን ክኒን ደም ከመቀዳታችሁ በፊት አትዋጡ

ለባይፖላር ሕመም (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ለሚልበት የአእምሮ ሕመም) ሊትየም የምትወስዱ ሁሉ፣ በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን በትክክል የሚለካው የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ 12 ሰዓት ገደማ ሲሞላው መሆኑን እንድታውቁ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ማታ 3 ሰዓት የዋጠ ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ግድም ደሙን ያስቀዳ፤ የጠዋት ክኒን የታዘዘለትም ከሆነ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ፈጬ ተነሥቶ ወደ መሀል ከተማ ሲሄድ መድኃኒቱን በኪሱ ይያዝና ከተቀዳ በኋላ ይዋጠው፤ ቀድሞ ከዋጠው ውጤቱ ከፍ ብሎ ይታይና ሐኪሙ ያለ በቂ ምክንያት መጠኑን ሊቀንስበት ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የውሃ ጉዳይ ነው። በግንባታ ወይም በፋብሪካ ሥራ ብዙ የሚያልበው፣ ተቅማጥ የያዘው ወይም በጾም ምክንያት ውሃ ሳይጠጣ የሚውል ሰው ሊትየሙ በደሙ ውስጥ ሊከማችበት ስለሚችል፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ጨውም በድንገት አይቀንስ። ለወገብ ሕመም በቀላሉ የሚገዙት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም በደም ውስጥ ያለውን የሊትየም መጠን ከፍ ስለሚያደርጉ፣ ሊትየም እንደምትወስዱ ለፋርማሲስቱ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሊትየሙ በደም ውስጥ በዝቶ እጅ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ማስመለስ ከበረታ፣ እርምጃ ከተንገዳገደ ወይም አንደበት ከተሳሰረ፣ የሚቀጥለውን ክኒን ሳትውጡና ቀጠሮ ሳትጠብቁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ የድንገተኛ ክፍል ሂዱ።