ሚዩዚክ ቦክስ ድምፅ ለምትጠቀሙ
ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የምትሠሩ፣ የሚዩዚክ ቦክስ (በሞላ እየሠራ ዜማ የሚያሰማ ትንሽ ሳጥን) ድምፅ ስለተጠቀማችሁ ብቻ ኮረጃችሁ ማለት አይደለም። በጄኔራል ሚዲ (የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያዎች የጋራ የድምፅ ዝርዝር) 11ኛው ላይ ያለ፣ ማንም የሚያገኘው ድምፅ ነው። የሚያስጠይቀው ዜማውና የድምፅ ቅጂው ነው። ዜማው የጥንት ሆኖ ለሁሉም ክፍት ቢሆን እንኳ፣ ሌላ ሰው የቀረጸውን ቆርጣችሁ ከወሰዳችሁ ፈቃድ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። ስለዚህ ራሳችሁ ተጫወቱት። በእውነተኛው ሳጥን ውስጥ የብረት ጥርሶቹ የሚነኩት ሁሌም በተቀራረበ ኃይል ስለሆነ ቬሎሲቲውን (ኖታው የሚመታበትን ኃይል) ብዙ አትለዋውጡት፤ ኖታውንም ቶሎ አትቁረጡት፣ በራሱ ጊዜ ይክሰም። ሞላው እየላላ ሲሄድ ደግሞ ዜማው ይዘገያል፣ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው፣ መጨረሻ ላይ ቴምፖውን (ፍጥነቱን) ቀስ እያላችሁ አውርዱት። አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጋችሁም ሞክሩትማ፣ ያ ሁሉም ትራክ ላይ የምንሰማው ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የሚመጣ ድምፅ) መሆኑ በቀላሉ አይታወቅም።