ከችሎት ከመውጣትዎ በፊት «ለምን ተቀጠረ?» ይበሉ

ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲሰጥ ብዙ ሰው ቀኑን ብቻ ይዞ ይወጣል። መዝገብ ቁጥሩን፣ ችሎቱን፣ ሰዓቱን፣ ከሁሉም በላይ ጉዳዩ ለምን እንደተቀጠረ ስልክዎ ላይ ይጻፉ። ካልሰሙ የችሎቱን ጸሐፊ ይጠይቁ፤ ነውር የለውም። ዝግጅትዎን የሚወስነው ምክንያቱ ነው። መልስ ለመቀበል ከሆነ የጽሑፍ መልስዎንና ማስረጃዎን ይዘው ይቀርባሉ። ምስክር ለመስማት ከሆነ ግን መጥሪያው ቀድሞ ለምስክሮቹ መድረስ አለበት፤ በዋዜማው መሯሯጥ አያዋጣም። መቅረትማ ጨርሶ አይታሰብ፤ በፍትሐ ብሔር ክስ መጥሪያ ደርሶት የቀረ ተከሳሽ ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ይችላል።

የወንጀል ክስ ከሆነ ይህ ብቻውን አይበቃም። ጠበቃ ያማክሩ፤ አቅም ከሌለዎት ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብልዎ ችሎቱን ይጠይቁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ይህን መብት ያነሳል።