ልጃችሁን ለማረስ እንግሊዝ ለምትሄዱ፦ ቀኑን ከቢቢሲ ዋን ጋር እንዴት ትውላላችሁ?

ሌስተር በገባሁ በሦስተኛው ቀን ልጄ "እማዬ፣ ዜና ከፈለግሽ በስድስት ሰዓት ቢቢሲ ዋን ላይ አለ" ብላኝ ልትተኛ ገባች። ሕፃኑን አስተኛሁ፣ ሻይ ቀዳሁ፣ ልክ በስድስት ሰዓት ሶፋው ላይ ተሰየምኩ። ዜና የለም። ጥቂት ቆይቶ ቀይና ሰማያዊ ሹራብ የለበሱ ሰዎች መጥተው በአንድ አሮጌ የሻይ ማንቆርቆሪያ ዋጋ መከራከር ጀመሩ። ለካ እሷ ያለችው የእነሱን ስድስት ነው፣ የማታውን። እኔ የተቀመጥኩት በእኛ ስድስት፣ በቀትር። 31 ዓመት ሙሉ ሰዓት መቁጠር ለልጆች ያስተማርኩ ሰው ነኝ እኮ!

ድሬ ከተመለስኩ ወዲህ ከዚራ ቡና ላይ ሊሄዱ የተዘጋጁ እናቶች ይጠይቁኛል። በርበሬውን፣ አብሹን፣ ቅቤውን ሁሉም ያውቁበታል። የማያውቁት የቀኑን ርዝመት ነው። አማች ሥራ ይሄዳል፣ አራሷ ትተኛለች፣ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት የለም። በዲሴምበር ደግሞ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ላይ ጨልሟል። ቴሌቪዥኑን ማወቅ ግድ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ። እዚያው ሆናችሁ የእነሱን ሰዓት በእኛ ለመጥራት 6 ቀንሱ፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የሚያምታታው ወደ ድሬ ስትደውሉ ነው። በብርዳቸው ወራት ከእነሱ ሰዓት 3 ቀንሱ፣ የሚመጣው የድሬ ሰዓት ነው። እዚያ ማታ 6 ከሆነ እዚህ ምሽት 3 ነው ማለት ነው። ከማርች የመጨረሻ እሑድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ስለሚገፉ 4 ቀንሱ። ቁጥሩ አልበቃ ካለ አስቀድማችሁ 12 ደምሩበት። እኔ ወረቀት ላይ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ እናንተም ለጥፉ።

ቀጥሎ ሪሞቱ። ቢቢሲ ዋን አብዛኛውን ጊዜ 1 ላይ ወይም 101 ላይ ነው። ጋይድ የሚለውን ስትጫኑ የቀኑ ፕሮግራም ከነሰዓቱ ይደረደራል። ሶርስ ወይም ኢንፑት የሚለውን ግን እንዳትነኩ። እኔ ነክቼው ስክሪኑ ጠቁሮብኝ፣ አማቼ ከሥራ እስኪመለስ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። ሰብታይትል የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱት፤ የሚባለው ሁሉ ከታች ይጻፋል። በቀጥታ ስርጭት ላይ ጽሑፉ ከንግግሩ ትንሽ ይዘገያል፣ አንዳንዴም የማይሆን ቃል ይጽፋል። ጥፋቱ የእናንተ ጆሮ እንዳይመስላችሁ።

ቢቢሲ ላይ ማስታወቂያ የለም። ይህን ሳላውቅ ገንፎ ላማስል ማስታወቂያ ስጠብቅ ገንፎው አረረ። ወጪው የሚሸፈነው ቤተሰቡ በዓመት በሚከፍለው የቴሌቪዥን ፈቃድ ነው፤ በ2025 174 ፓውንድ ከ50 ነበር። አማቼ ሒሳቡን ሲነግረኝ፣ እንግዲያስ ገንዘባችሁ ላይ ልቀመጥበት አልኩት።

ጠዋት በእነሱ 6 ሰዓት ብሬክፋስት ይጀምራል። ከማንቸስተር አጠገብ ካለችው ሳልፎርድ ነው የሚተላለፈው፣ ቀይ ሶፋ ላይ ተቀምጠው። ለእንግሊዝኛችሁ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ዋና ዋናው ዜና እየተደጋገመ ይመጣልና። መጀመሪያ ሦስት ቃል ትይዛላችሁ፣ በሁለተኛው ግማሹን፣ በሦስተኛው ለልጃችሁ መልሳችሁ ትነግሯታላችሁ። የአየር ጠባዩንም አትዝለሉ። ሻወር ሲል ስለ መታጠቢያ መስሎኝ ሁለት ቀን ተደነቅሁ፤ ለካ መጣ ሄድ የሚል ዝናብ ነው።

ረፋዱ ላይ ሆምስ አንደር ዘ ሃመር አለ። የፈራረሰ ቤት በሐራጅ ይገዛሉ፣ ያድሳሉ፣ ከዚያ ስንት እንደሚያወጣ ይገመትላቸዋል። ወሬው ባይገባችሁም ዓይን ይከተለዋል። ሲጀመር የሻገተ ግድግዳ፣ ሲያልቅ ነጭ ወጥ ቤት።

የእኔ ፍቅር ግን ባርጌን ሃንት ነው፣ ያ በስህተት ያገኘሁት። በሥራ ቀናት በእነሱ 12:15 ላይ ነበር። ሁለት ቡድን፣ ለእያንዳንዱ 300 ፓውንድና አንድ ሰዓት ይሰጠዋል። የድሮ ዕቃ ገበያ ገብተው ሦስት ዕቃ ይገዛሉ። ዕቃው በሐራጅ ይሸጣል፣ ያተረፉት የራሳቸው ነው። ብዙ ጊዜ ትርፍም የለ። አንዷ ሴትዮ 45 ፓውንድ የተባለ የብር ማንኪያ አንስታ፣ ፊቷ ቀልቶ "ትንሽ ይቀንሱልኝ ይሆን?" አለች። ሻጩ 42 አለ። ተጨባበጡ! አቦ፣ ይሄ ክርክር ነው? የኛ ቀፊራ ገበያ ቢሆን መጀመሪያ ግማሹን ትጠራለች፣ ሁለቴ ትታ ትሄዳለች፣ ሻጩ ራሱ "ነይ እስቲ" ብሎ ይጠራታል። ማንኪያው ሐራጅ ላይ በ28 ሄደ። እኔም ለብቻዬ ጮህኩ።

እንዲህ እዩት፦ ሐራጁ ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ ገምታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከልጃችሁ ጋር ተወራረዱ። አጫራቹ ቁጥሩን ስለሚያጣድፈው ጆሯችሁ በሁለት ሳምንት ይሰላል። በኋላ ሱቅ ስትገቡ ሒሳብ ለመስማት አትቸገሩም።

ከሰዓት በኋላ ኤስኬፕ ቱ ዘ ካንትሪ ከመጣ ሳህን እያጠባችሁም ይታያል። ባልና ሚስት ገጠር ቤት ሊገዙ ሦስት ቤት ይዞራሉ፣ ያደንቃሉ፣ ብዙዎቹ ሳይገዙ ይሄዳሉ። በእነሱ 5:15 ላይ ፖይንትለስ ነበር። ይህ የጥያቄ ውድድር ግራ ያጋባል፤ የሚያሸንፈው ብዙ ሰው ያላሰበውን ትክክለኛ መልስ ያመጣ ነው። 100 ሰው አስቀድሞ ይጠየቃል፣ ከመቶው አንድም ያልጠራው መልስ ከተገኘ ነጥቡ ዜሮ ነው፣ ዜሮ ደግሞ ድል። እንደ አስተማሪ ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል።

6 ሰዓት ላይ ዜናው፣ የኔ ጉድ። 6:30 ላይ የአካባቢው ዜና ይከተላል፤ ለሌስተር ከኖቲንግሃም ነው የሚመጣው። ልጃችሁ የምትኖርበትን ከተማ የምታውቁት በዚህኛው ነው፤ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ የትኛው ትምህርት ቤት በበረዶ እንደተዘጋ።

7:30 ላይ ኢስትኤንደርስ ከመጣ አርፋችሁ ተቀመጡ። ከ1985 ጀምሮ ያለ ድራማ ነው፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ለመጠየቅ ብትሞክሩ ቤቱ ሁሉ "እሽሽ" ይላችኋል። ክፍሉ ሲያልቅ ከበሮው ዱም ዱም ይላል። ከዚያ በኋላ ማውራት ይቻላል።

በእነሱ ከማታ 9 በኋላ ደግሞ ለልጆች የማይሆን ነገር ማሳየት ይፈቀድላቸዋል። ለልጆች ብቻ አይደለም፣ ከአማች ጋር ተቀምጦ የማይታይም አለበት። በ9 ሰዓት "ደክሞኛል" ብላችሁ ተነሱ።

ትልልቅ የልጅ ልጆች ካሉ ሲቢቢስ የሚባለውን የልጆች ቻናል እወቁት። በእነሱ ማታ 6:50 ላይ የመኝታ ተረት ይነበባል፣ 7 ላይ ቻናሉ ይዘጋል። የ4 ዓመቱ የልጅ ልጄ ያለዚያ ተረት አይተኛም። ድሬ ከገባሁ በኋላ ሁልጊዜ በእኛ ምሽት 2:50 እደውልለታለሁ፣ በእነሱ 5:50 ማለት ነው፣ እራት በልቶ ሲጫወት። ማርች መጨረሻ ላይ ሰዓታቸውን ሲገፉ ረሳሁና ያው 2:50 ላይ ደወልኩ። ስልኩን አንስቶ "አያዬ፣ ተረት ላይ ነኝ" ብሎ ዘጋብኝ።