ኤቼቬሪያ ቀለሙን እንዳያጣ

ኤቼቬሪያ ቅጠሉ ወፍራም የሆነ፣ ውሃ የሚያጠራቅም የጌጥ ተክል ነው። ከችግኝ ጣቢያ ሲገዛ ሮዝና ሐምራዊ የነበረው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ወር ተኩል ሲቀመጥ አረንጓዴ ይሆንና አንገቱ ይመዘዛል። ብዙ ሰው ምግብ ያነሰው መስሎት ማዳበሪያ ይጨምርለታል፤ ይብስበታል። ቀለሙን የሚያወጣው ኃይለኛ ብርሃን፣ የሌሊት ብርድና ቁጥብ ውሃ ነው። ቅጠሉ ፀሐይ ሲበረታበት አንቶሲያኒን የተባለ ቀይና ሐምራዊ ቀለም እያመረተ ራሱን ይከላከላል፤ ጥላ ውስጥ ውሃና ማዳበሪያ ሲትረፈረፍለት ይተወዋል።

የአብዛኛው ኤቼቬሪያ አገሩ የሜክሲኮ ደጋ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ይስማማዋል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ብርድ ደግሞ ቀለሙ ይደምቃል። እንደ አዳማ ባለ ሞቃታማ ቦታ ይኖራል እንጂ ሌሊቱ ስለሚሞቅ ያን ያህል አይቀላም። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ውርጭ በሚጥልበት አገር ግን ማታ ማታ ጣሪያ ሥር ይግባ፤ ውርጭ የመታው ቅጠል እንደተቀቀለ ጎመን ይልፈሰፈሳል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው አፈሩ ነው። ዋልካ አፈር እፍኝ እንኳ አትቀላቅሉ፤ ውሃ ይዞ ሥሩን ያፍነዋል። 3 እጅ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ 1 እጅ ለብሎኬት መሥሪያ የሚሸጠው ፑሚስ፣ 1 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይበቃል። ሬድ አሹን ንፉና ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለውን ጠጠር ብቻ አስቀሩ፤ ዱቄቱ ካልወጣ ውሃ ሲነካው ጭቃ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናል። ማሰሮው ሸክላ ቢሆን ይመረጣል፤ ከተክሉ ዙሪያ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚሰፋ፣ ታቹ የተበሳ። ከሥር ጠጠር መደልደል የተለመደ ቢሆንም አይረዳም፤ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቆማልና ሥሩን ወደ እርጥበቱ ያቀርበዋል።

አዲስ የተገዛውን ከነአፈሩ አትትከሉት። የድሮውን አፈር አራግፉ፣ የጠቆረ ሥር ቁረጡ፣ 3 ቀን ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ ከዚያ በደረቅ አፈር ተክላችሁ ከሳምንት በኋላ አጠጡት። ቁስሉ ሳይደርቅ የጠጣ ሥር ይበሰብሳል።

ውሃ በቀን መቁጠሪያ አይሰጥም። ቀጭን እንጨት እስከ ታች ሰክታችሁ ስትመዙት ደረቅ ከሆነ፣ የታችኛው ቅጠልም ሲነካ ከለሰለሰ፣ በቀዳዳው እስኪወጣ አጠጡ። በበጋ ይህ ከ7 እስከ 12 ቀን፣ በክረምት 3 ሳምንት ሊሆን ይችላል። ሲጠማው የታች ቅጠሎች ይጨማደዳሉ፤ ውሃ ሲበዛበት ደግሞ ይሳሳሉ፣ ይቢጫሉ፣ ሲነኩ ይረግፋሉ። ሁለቱን ማምታታት ብዙ ተክል ይፈጃል፤ የበሰበሰውን ደግመው ያጠጡታል። ቅጠሉ ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት በጣት አትንኩት፤ በዚያ ቅጠል ላይ አይመለስም።

ብርሃኑን በደረጃ አለማምዱት። ከጥላ የመጣ ተክል በአንድ ጊዜ ቀትር ላይ ቢወጣ ይቃጠላል፤ ጠባሳውም ቅጠሉ እስኪረግፍ ይቆያል። መጀመሪያ ከጧቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ፀሐይ፣ ከዚያ በየ3 ቀኑ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ምሥራቅ የሚያይ በረንዳ ለጀማሪ ይቀላል። በረንዳው ወደ ደቡብ የሚያይ ከሆነ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለሚያልፍ ጥላ ይሆናል፤ ቦታ ቀይሩ። በክረምት ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ጣሪያ ሥር አድርጉት፤ ዝናቡ ውሃ ያበዛበታል፣ በረዶውም ቅጠሉን ይበሳል።

አንገቱ የተመዘዘ ተክል ብርሃን ቢያገኝም አያጥርም። አናቱን ከ3 ሴንቲ ሜትር ግንድ ጋር በስለታም ቢላ ቁረጡ፤ ቁስሉ እስኪደርቅ 5 ወይም 6 ቀን አቆይታችሁ ትከሉት። ጉቶውን አትጣሉ፣ ከጎኑ ግልገል ያወጣል። ከቅጠል ለማራባት ቅጠሉን ከመሠረቱ ሳይሰበር ወደ ጎን እያወዛወዛችሁ ንቀሉና 4 ቀን አድርቁት፤ ከዚያ አፈር ላይ አጋድሙት። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ሮዝ ሥር ይታያል፤ እስከዚያ ውሃ አያስፈልገውም። የሁሉም ቅጠል አይበቅልም፤ ፐርል ፎን ኑርንበርግ የተባለው ሐምራዊ ዓይነት በቀላሉ ይበቅላል፣ ቅጠላቸው የተጨማደደ ትልልቅ ዲቃላዎች ግን ያስቸግራሉ።

በቅጠል እጥፋት ውስጥ እንደ ጥጥ ብናኝ የሚመስል ነገር ካያችሁ ነፍሳት ነው። 70 ፐርሰንት አልኮል በተነከረ ጥጥ ቀቡት፣ በሳምንት አንዴ እያደረጋችሁ ለ3 ሳምንት ድገሙት፤ አንዴ ብቻ ከሆነ እንቁላሉ ይፈለፈላል። ከቀቡ በኋላ በዚያው ቀን ፀሐይ ላይ አታውጡት። የአበባው ዘንግ ላይ ክሽክሽ የተባሉት ጥቃቅን ነፍሳት ከሰፈሩ ዘንጉን ቆርጦ መጣል ይቀላል።

አዮኒየም የተባለ ሌላ ተክል ከኤቼቬሪያ ጋር ይምታታል፤ አንዱ ዝርያው፣ አዮኒየም ሊዩኮብሌፋረም፣ በኢትዮጵያ ደጋ አለት ላይ በቅሎ ይገኛል። አዮኒየም ከቅጠል አይራባም፣ ከግንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ያበበው አናት ደግሞ ዘር ጥሎ ይሞታል፤ ቅርንጫፍ ከሌለው ተክሉ አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሳያብብ ከጎኑ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አስቀሩ።